የድሮ ሞተር ፎርክ ጥርሱ ሲበላ፦ ለየትኛው ቀዳዳ የትኛው ጥገና?

ቡሎኑን ስትፈቱት ጥርሱ ላይ የተጠቀለለ፣ ብርማ መልክ ያለው ቀጭን ክር ይዞ ከወጣ፣ ያ ክር የቡሎኑ አይደለም። የፎርኩ፣ ማለትም የሞተር ሳይክሉን የፊት ጎማ የሚይዙት የሁለቱ እግሮች፣ ጥርስ ነው። ቡሎኑ ብረት ነው፣ የፎርኩ የታችኛው እግር ደግሞ አልሙኒየም ነው። ሁለቱ ሲተጋገሉ የሚሸነፈው አልሙኒየሙ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ስፓናቶ ሆነ» የሚባለው ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ምክር ይበዛል። አንዱ «ማጣበቂያ ሙላበት» ይላል። ሌላው «አስፋውና ወፈር ያለ ቡሎን ክተትበት» ይላል። ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ማሽን ያለበት) ያለው ባለሙያ «ቡሽንግ ልሥራልህ» ይላል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደግሞ «ሄሊኮይል የሚባል አለ፣ ልላክልህ?» ብሎ ይደውላል። ቡሽንግ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት፣ ሄሊኮይል ደግሞ ከሽቦ የተጠቀለለ ጥርስ ነው። አራቱም እንደየቦታው ልክ ናቸው። ግን ብዙ ጊዜ ማንም «የትኛው ቀዳዳ ነው የተበላው?» ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ምርጫው ከዚያ ጥያቄ መጀመር አለበት እላለሁ። ጥገናውን የሚመርጠው ዋጋው ሳይሆን ቀዳዳው ነው። ሁለት ጥገናዎች እኩል የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ያነሰ አልሙኒየም የሚበላውን ምረጡ። በፑንታ (በመብሻ) የወጣ አልሙኒየም በቀላሉ አይመለስም። ለድሮ ያማሃ ዲቲ ወይም ለሆንዳ ኤክስኤል ደህና የፎርክ እግር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

መጀመሪያ ቀዳዳውን እንለይ

የፊት አሞርዛተሩ፣ ማለትም ፎርኩ፣ ላይ ጥርስ የሚበላባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ሥራቸው ግን በጣም ይለያያል።

በጣም አሳሳቢው የአክስሉ (የጎማው ዘንግ) መያዣ ነው። ብዙ የድሮ የገጠር ሞተሮች ላይ ከእግሩ በታች የአክስሉን ጫፍ የሚያቅፍ ትንሽ ቆብ አለ። ቆቡን የሚይዙት ከአልሙኒየሙ እግር ወጥተው የቆሙ፣ ራስ የሌላቸው ቡሎኖች ናቸው። በላያቸው ላይ ዳዶ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ ኤም 6 ወይም ኤም 8 (6 ወይም 8 ሚሊ ውፍረት ያላቸው) ናቸው። የፊት ጎማ በተፈታ ቁጥር እነዚህ ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ይጠብቃሉ። ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው እሾህ በወጋው ቁጥር ጎማ ያወርዳል። ስለዚህ እዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው የማቀፊያው ቡሎን ነው። መሪው ሥር፣ እግሮቹ ውስጥ የሚገቡትን ሁለቱን የብረት ቱቦዎች የሚያቅፈው ክፍል ላይ፣ ስንጥቁን እየጨመቀ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቡሎን ማለት ነው። እሱ ከላላ ቱቦው ወደ ላይ ይንሸራተታል።

የዲስክ ፍሬን ያላቸው ሞተሮች ላይ ፍሬኑን ከእግሩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ከእነዚህ ከሁለቱ እኩል ይታያሉ።

የዘይት ማፍሰሻ ቪቴ ከእግሩ ግርጌ ጎን ላይ ያለችው ትንሿ ናት። ክብደት አትሸከምም፣ ዘይት ግን ትይዛለች። የፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ቡሎኖችም ብዙ አይሸከሙም። አንዳንድ ሞተር ላይ ግን ሁለቱን እግሮች አያይዞ የሚያጠነክረው ፓራፋንጎው ወይም ከሥሩ ያለው ቅስት ነው። እንደዚያ ከሆነ ቡሎኖቹን አትናቁ።

ሁለት ቦታዎች ደግሞ ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው ከእግሩ ግርጌ፣ ከአክስሉ ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚገባው ቡሎን ነው። እሱ እግሩ ውስጥ የተቆረጠ ጥርስ የለውም። እግሩን አልፎ የሚጠብቀው ውስጥ ባለው የአሞርዛተር ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ከተበላ የሚጠገነው ዘንጉ ነው። እግሩን መብሳት ጥፋት ነው። ደግሞም ቡሎኑ መለስ ቀለስ እያለ ዝም ብሎ ከዞረ ጥርሱ ላይበላ ይችላል። ዘንጉ ራሱ አብሮ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሞላው ውስጥ እያለ ከላይ ፎርኩን ጫን አድርጎ ሌላ ሰው እንዲፈታው ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው ከላይ ያለው ክዳን ነው። ክዳኑ የሚጠብቀው በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ባለ ጥቃቅን ጥርስ ላይ ነው። እዚያ ሄሊኮይል የለም፣ ማስፋት የለም፣ ብየዳም የለም። ቱቦው ሌላ ጥርስ የሚቆረጥበት ውፍረት የለውም። ደግነቱ ክዳኑ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ደህና የቶርኖ ባለሙያ አዲስ ክዳን ሊቆርጥላችሁ ይችላል። ክዳኑን የሚያበላሸው ሲገጠም ነው። ከሥሩ ያለው ሞላ ወደ ላይ ስለሚገፋው ጥርሱ ተዛንፎ ይገባል። መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት። ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ሲገናኝ «ቀጭ» ሲል እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ፊት አዙሩ። ስትፈቱትም ሞላው ክዳኑን ሊያስፈነጥረው ስለሚችል ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፣ ጎማውንም ከመሬት አንሱ። አንዳንድ የድሮ ያማሃ ሞዴሎች ክዳናቸው የሚያዘው በጥርስ ሳይሆን በሽቦ ቀለበት ነው። እነሱ ከዚህ ጭቅጭቅ ውጪ ናቸው።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ቅደም ተከተሉም ለኔ እንደዚህ ነው።

ቡሎኑ ምን ይሸከማል? ጎማን፣ ፍሬንን ወይም መሪን ከያዘ ጥገናው ከመጀመሪያው ጥርስ እኩል ወይም የበለጠ መጠንከር አለበት። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ተነስቶ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ደብረ ሲና እስኪደርስ ድረስ ፍሬን በያዘ ቁጥር የራሱም የሞተሩም ክብደት ፊት ላይ ያርፋል።

በቀዳዳው ዙሪያ ምን ያህል አልሙኒየም ቀርቷል? ይህን በዓይን ግምት አትለፉት፣ በካሊፐር ለኩት። ጥገናው ከገባ በኋላ እስከ ውጪው ግድግዳ ድረስ ከ3 ሚሊ በታች የሚቀር ከሆነ እኔ ያን ጥገና አልመርጥም።

ቀዳዳው በየስንት ጊዜው ይከፈታል? በዓመት አንዴ የሚፈታና በየሳምንቱ የሚፈታ እኩል አይደሉም።

እዚሁ አካባቢ የሚሠራው አለ? ደብረ ብርሃን ላይ ቶርኖ ቤት ማግኘት አይከብድም። መሐል ሜዳ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ ጥገና ነገ ቢበላሽ ሌላ ዕድል ይኖረኛል? ብዙ ሰው የማይጠይቀው ይሄን ነው። ለአሮጌ ሞተር ግን መዘለል የሌለበት ጥያቄ ይመስለኛል።

ወጪን ከዝርዝሩ ያስቀረሁት ንቄው አይደለም። ለአክስል መያዣ ርካሽና ውድ እያሉ ማወዳደር የሚጀመረው አምስቱን ካለፉት ጥገናዎች መካከል ስለሆነ ነው።

ጥርሱን አጽድቶ ረዘም ያለ ቡሎን

ምንም ከመብሳታችሁ በፊት የቀዳዳውን ጥልቀት ለኩ። ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ከቡሎኑ ርዝመት ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ቡሎኑ ከቀዳዳው ያጠረ ነው። ያልተነካ ጥርስ ከሥር ይቀራል። አንድ ጊዜ የሆነ ሰው አጭር ቡሎን ገጥሞበት ከላይ ያሉት ጥቂት ጥርሶች ብቻ ተበልተው ይሆናል።

እንደዚያ ከሆነ ትክክለኛውን ታፕ (ጥርስ ማውጫ) በእጅ ቀስ አድርጎ አስገብቶ ማጽዳትና 5 ወይም 10 ሚሊ የሚረዝም ቡሎን መግጠም ይበቃል። አልሙኒየም ውስጥ ቡሎን ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ መግባት አለበት። ለኤም 8 ይህ 12 ሚሊ ነው፣ ሁለት እጥፍ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ይህ ጥገና አልሙኒየም አይበላም፣ ሌሎቹን አማራጮች ሁሉ ክፍት ይተዋል። ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ።

ቡሎኑ የቀዳዳውን መጨረሻ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከነካ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ምንም አልያዘም።

አልፎ የሚወጣ ቡሎንና ዳዶ

የማቀፊያው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው አልፎ ይወጣል። የተበላውን ጥርስ ጠርጎ አውጥቶ፣ ረጅም ጠንካራ ቡሎን አሳልፎ፣ ከጀርባ በሮንዴላና በዳዶ ማሰር ከሁሉም ቀላሉ ጥገና ነው። ጥርሱ አሁን ያለው ዳዶው ላይ ነው። ዳዶ ቢበላ ደግሞ ዳዶ ይቀየራል። ከመወሰናችሁ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩና ዳዶው ታንከርም ሆነ ሽቦ እንደማይነካ እዩ። የዳዶው መቀመጫ ጎርባጣ ከሆነ በሞረድ አስተካክሉት።

ማስፋት

ከኤም 6 ወደ ኤም 8፣ ከኤም 8 ወደ ኤም 10 መሄድ ነው። በየጋራዡ የሚሠራው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ፑንታና ታፕ ብቻ ነው። ለኤም 8 የጥርስ ርቀቱ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ) 1.25 ሚሊ ለሆነው 6.8 ሚሊ ፑንታ፣ ለኤም 10 ባለ 1.5 ደግሞ 8.5 ሚሊ ፑንታ ያስፈልጋል።

ጥንካሬው ጥሩ ነው። ችግሩ ተከትሎት የሚመጣው ነው። ቡሎኑ ሲወፍር የአክስሉ ቆብ ቀዳዳም መስፋት አለበት። ሮንዴላው ይቀየራል፣ ቁልፉም ይቀየራል። አንዱ ቡሎን በ12፣ ሌላው በ14 ቁልፍ የሚፈታ ሞተር ይሆናል። ከዚያ የሚቀጥለው ሰው በትልቁ ቁልፍ ለምዶ ትንሹንም በዚያው ጉልበት ያጠብቀዋል።

ለአክስሉ መያዣ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ ደረጃ ያለው ቡሎን። በአንዱ ጫፍ፣ አልሙኒየሙ ውስጥ የሚገባው ኤም 10፤ በሌላው ጫፍ፣ ቆቡ የሚገባበትና ዳዶው የሚጠብቅበት ኤም 8። ደብረ ብርሃን አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ባለሙያው ከጠንካራ ቡሎን እግር ቆርጦ ወሰደ። አንዱን ጫፍ አቅጥኖ ኤም 8 አወጣበት፣ ሌላውን በወፍራሙ ተወው። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን በደረቅ ማዕዘን አልቆረጠውም። ዙሪያውን ትንሽ ጎድጎድ አድርጎ በክብ አለሰለሰው። እዚያ ማዕዘን ከተተወ ቡሎኑ የሚሰበረው በዚያ በኩል ነው። ቆቡ ሳይነካ፣ ዳዶው ሳይቀየር ጎማው ተገጠመ።

ይህ ቡሎን አንዴ በጥርስ ማጣበቂያ (ቡሎን እንዳይላላ በሚቀባ ሙጫ) ከተተከለ አይፈታም። በየጊዜው የሚፈታው ውጪ ያለው ዳዶ ብቻ ስለሆነ የአልሙኒየሙ ጥርስ ያርፋል። ከሄሊኮይል ውጪ ለአክስል መያዣ ልቤ የሚያርፍበት ይሄ ነው።

ሄሊኮይል

ሄሊኮይል ከጠንካራ ሽቦ የተጠቀለለ ጥርስ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ ከሄሊኮይሉ ጋር በሚመጣው ልዩ ታፕ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከዚያ ሽቦው ይጠመዘዝበታል። ውስጡ ተመልሶ የድሮው ኤም 8 ነው። ለኤም 8 ብዙ ጊዜ 8.3፣ ለኤም 6 ደግሞ 6.3 ሚሊ ፑንታ ይጠይቃል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። መደበኛ ታፕ አይተካውም።

ጥንካሬው ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ነው። ለስላሳው አልሙኒየም አሁን የሚይዘው ሰፋ ባለ ዙሪያ ነው። ቡሎኑ ደግሞ የሚገናኘው ከብረት ጋር ነው። ደጋግሞ ለሚፈታ ቀዳዳ ከፋብሪካው ጥርስ ይሻላል።

ስለሚበላው አልሙኒየም ግን ግልጽ እንሁን። ለኤም 8 የሚቆረጠው ጥርስ ዳርቻው 9.6 ሚሊ ይደርሳል። ማለትም ወደ ኤም 10 ከማስፋት ብዙም አያንስም። ልዩነቱ የድሮውን ቡሎን፣ የድሮውን ቆብና የድሮውን ቁልፍ ይዛችሁ መቀጠላችሁ ነው። ሽቦው ወደፊት ቢበላሽም ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል።

የሚያበላሸው አበሳሱ ነው። ፑንታው ከተዘነበለ ቡሎኑም ተዘንብሎ ይቆማል፣ የአክስሉ ቆብም አይገጥምም። ስለዚህ እግሩን ከሞተሩ አውጥታችሁ፣ በእንጨት መሐል አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት፤ በእጅ ትራፓኖ ሳይሆን በቋሚ ትራፓኖ ብሱት። ለአልሙኒየም ጥርስ ሲወጣ ላምባ ጠብ ማድረግ በጣም ይረዳል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያላችሁ ፍርፋሪውን ስበሩት። ሽቦው ከገባ በኋላ ጫፉ ከላይኛው ገጽ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከሽቦው ሥር ያለችውን ትርፍ ጫፍ (ምላስ) ሰብራችሁ አውጡ፣ መውጣቷንም በዓይናችሁ እዩ። ወደ ዘይቱ ክፍል በሚዘልቅ ቀዳዳ ላይ እግሩ ሳይፈታ ይህን መሞከር አይገባም። ምላሷ ወይም ፍርፋሪው ውስጥ ከወደቀ ቱቦውንና ጎሚኒውን (ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ) ይፍቃል።

መሣሪያው ደብረ ብርሃን ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ስታስልኩ «የ12 ሄሊኮይል» አትበሉ። እኛ ጋ ቡሎን የሚጠራው ብዙ ጊዜ በቁልፉ ቁጥር ነው። የጃፓን ሞተር ላይ በ12 ቁልፍ የሚፈታው ቡሎን ኤም 8 ነው፤ በ10 የሚፈታው ኤም 6፣ በ14 የሚፈታው ኤም 10 ነው። «ኤም 8፣ የጥርስ ርቀቱ 1.25» ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩ።

ጥርስ ያለው ቡሽንግ

ይህ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ድፍን የብረት ቀለበት ነው። በፋብሪካ የተሠራ አለ፣ ቶርኖ ቤትም ይቆረጣል። ለመንቀል ከባድ ነው፣ አያፈስም፣ ለዕድሜ ልክ ነው።

ዘይት ለሚይዘው ለማፍሰሻው ቪቴ ከሄሊኮይል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የሽቦው ጥቅል በጥርሱ ዙሪያ ለዘይት መውጫ ሊተው ይችላል። ቡሽንግ ግን በማጣበቂያ ሲተከል ይዘጋዋል። የተበላው ቀዳዳ ጠርዙ ተቆርሶ ወይም ሞላላ ሆኖ ሄሊኮይል የማይይዝበት ሲሆንም መፍትሔው ቡሽንግ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በአልሙኒየም ነው። ቶርኖ ቤት የሚሠራው ለኤም 8 ብዙ ጊዜ ውጪው 12 ሚሊ ይሆናል፤ ከዚያ ካነሰ ግድግዳው ይሳሳል። የፎርክ እግር ላይ ያለችው ጆሮ (ቀዳዳው ያለባት ወጣ ያለች ክፍል) ጠባብ ከሆነች 12 ሚሊ በጣም ብዙ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ የሚቀረው ብየዳ ብቻ ነው።

ለባለሙያው ሦስት ነገር ንገሩት። ብረት ይሁን፣ ነሐስ አይሁን። በጠንካራ የጥርስ ማጣበቂያ ይተከል። ከላይ ከገጹ ጋር እኩል ተደርጎ ዳሩ ላይ ሁለት ቦታ በፑንቶ (በሹል መምቻ) ይመታ፣ ቡሎኑ ሲፈታ ይዞት እንዳይወጣ።

አርጎን ብየዳ

ጆሮው ከተሰነጠቀ ወይም ከተቆረሰ ሌላ አማራጭ የለም። ቀዳዳው በአርጎን ጋዝ በሚሠራ ብየዳ ይሞላል፣ ይስተካከላል፣ እንደ አዲስ ይበሳል። በጥሩ እጅ የጠፋ አልሙኒየም የሚመልስ ብቸኛው ጥገና ይሄ ነው።

በደካማ እጅ ግን እግሩን ይጨርሰዋል። የፎርክ እግር ለዓመታት ዘይት የጠጣ ሲሆን ዘይቱ በደንብ ካልወጣ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሙቀቱ ቱቦው የሚንሸራተትበትን ውስጠኛ ገጽ ሊያጣምመው፣ አልሙኒየሙንም ሊያለሰልሰው ይችላል። ጎሚኒው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ቀድሞ መውጣት አለበት። ባለሙያው «ሳይፈታ እበይደዋለሁ» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ለአንድ ለተበላ ጥርስ ብቻ ከሆነ ብየዳ አታስቡ።

ኤፖክሲ፣ ቴፍሎንና ሽቦ

ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ማጣበቂያ (ኤፖክሲ) ለፓራፋንጎና ለመሳሰሉት ቀላል ቦታዎች ይሠራል። ቀዳዳውን ከዘይት አጽዱ፣ ቡሎኑን ግን በስሱ ቅባት ቀቡት እንዳይጣበቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይደር። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ቤት ውስጥ አሳድሩት።

ለአክስል መያዣ፣ ለፍሬንና ለማቀፊያ ኤፖክሲ አይሆንም። ቀዳዳ ውስጥ የስልክ ሽቦ ጠቅልሎ ወይም ቴፍሎን ጠምጥሞ ማጥበቅም አይሆንም። ሲጠብቅ እጅ ላይ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ ንዝረት ሲያገኘው ይለቃል። የፊት ጎማ ላይ ይህን የሚሠራ ጋራዥ ካያችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እግሩን መቀየር

ሁለት ሦስት ቀዳዳ አብሮ ከተበላ፣ ወይም ከዚህ በፊት ተጠግኖ ጠባብ ግድግዳ ከቀረ፣ ያገለገለ እግር መፈለግ ይሻላል። መርካቶ ስትሄዱ የራሳችሁን እግር ይዛችሁ ሂዱ። የቱቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፣ ግራና ቀኙን ለዩ፣ የአክስሉን ቀዳዳ አስተያዩ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ደህና ቡሎን ይዛችሁ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በእጅ አስገብታችሁ ሞክሩ። ተሽጦ ከመጣው እግር ላይም ጥርሱ የተበላ አይጠፋም።

የእንግሊዝ ሥሪት የሆነ የድሮ ቢኤስኤ ወይም ትራያምፍ ያላችሁ ደግሞ ከላይ ያሉት የኤም ቁጥሮች አይሠሩላችሁም። ጥርሳቸው በኢንች ነው፣ ብዙ ቦታ በኢንች 26 ጥርስ ያለው ጥቃቅን ነው። የሜትር ቡሎን ትንሽ ገብቶ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውንም ይበላዋል።

በአጭሩ ሲታይ

| ጥገና | የሚስማማው | የሚበላው አልሙኒየም | ወጪ | የት ይገኛል | ቢበላሽ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማጽዳትና ረጅም ቡሎን | ከሥር ደህና ጥርስ ላለው ሁሉ | ምንም | በጣም ትንሽ | የትም | ሁሉም አማራጭ ክፍት ነው |
| አልፎ የሚወጣ ቡሎንና ዳዶ | ማቀፊያ | በጣም ትንሽ | ትንሽ | የትም | ዳዶ መቀየር |
| ማስፋት | ፓራፋንጎ፣ ወፍራም ግድግዳ | መካከለኛ | ትንሽ | ማንኛውም ጋራዥ | ቡሽንግ |
| ደረጃ ያለው ቡሎን | አክስል መያዣ | መካከለኛ | መካከለኛ | ቶርኖ ቤት | ቡሽንግ |
| ሄሊኮይል | አክስል መያዣ፣ ፍሬን፣ ማቀፊያ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ መሣሪያው ከተገዛ ከፍ ይላል | ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ | ሽቦውን መተካት |
| ቡሽንግ | ዘይት ማፍሰሻ፣ የተጎዳ ቀዳዳ | ብዙ | መካከለኛ | ቶርኖ ቤት | ብየዳ ብቻ |
| አርጎን | የተሰነጠቀ ጆሮ | ይመልሳል | ከፍተኛ | የታመነ ባለሙያ ብቻ | እግሩን መቀየር |
| ኤፖክሲ | ፓራፋንጎ | ምንም | በጣም ትንሽ | የትም | ጠርጎ ሌላውን መሞከር |
| ያገለገለ እግር | ብዙ ቀዳዳ ሲበላ | የለም | ከፍተኛ | መርካቶ | እንደ አዲስ መጀመር |

ለማን የትኛው?

ሞተሩ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነና ከቶርኖ ቤት ርቃችሁ መንዝ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ስትወጡ ሁለቱንም እግሮች አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የአክስል መያዣውን አራቱንም ቡሎኖች በአንድ ጊዜ ደረጃ ባለው ቡሎን አስለውጡ፣ የተበላው አንዱ ብቻ ቢሆንም። ሌሎቹም በዚያው ቁልፍ፣ በዚያው እጅ የጠበቁ ናቸው። በዚያው ሁለት ትርፍ ቡሎን አሠርታችሁ ያዙ።

ገንዘብ ጠበብ ካለ ከማጽዳትና ከረጅም ቡሎን ጀምሩ። ካልያዘ ግን የአክስሉን ለይታችሁ ለእሱ ክፈሉ፣ ፓራፋንጎውን በኤፖክሲ አቆዩት። ሁለቱንም በግማሽ ልብ ከመሥራት ይሄ ይሻላል።

ሞተሩን እንደ ነበረ ማቆየት የምትፈልጉ፣ የአባታችሁ ወይም የመሥሪያ ቤት የድሮ ሞተር ወርሳችሁ የምታድሱ፣ ሄሊኮይል ምረጡ። ከውጪ አይታይም፣ ቡሎኑም የፋብሪካው ይቀራል።

ጋራዥ ላላችሁ የኤም 6ና የኤም 8 ሄሊኮይል ሳጥን ገዝታችሁ አስቀምጡ። ለፎርክ ብቻ አይደለም፣ ለኢንጂኑ ክዳን ቡሎኖችም በየጊዜው ትፈልጉታላችሁ።

ከገጠማችሁ በኋላ

አልሙኒየም ውስጥ የገባ ኤም 8 ወደ 20 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ባለ 20 ሳንቲ ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ስትስቡ ማለት ነው። ኤም 6 ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ አጭር ቁልፍ ያዙ፣ ቱቦ አታስረዝሙበት። ለሞተራችሁ የተጻፈ ቁጥር ካላችሁ እሱን ተከተሉ።

የአክስሉ ቆብ ላይ ቀስት ወይም ፊደል ካለ አቅጣጫውን ጠብቁ። ብዙ ሞተሮች ላይ ምልክቱ ያለበት ወገን ዳዶዎች ቀድመው ሙሉ በሙሉ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ የሌላው ወገን ይከተላል። በሁለተኛው ወገን ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ያ ክፍተት እዚያ መኖር አለበት። እሱን ለመዝጋት ሲታገሉ ነው ብዙ ቡሎኖች የሚበሉት።

የጥርስ ማጣበቂያ ከተጠቀማችሁ አንድ ሌሊት ይደር። የመጀመሪያውን ጉዞ ሜዳ ላይ አድርጉት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ አካባቢ ያለው መንገድ ይበቃል። ስትመለሱ ዳዶዎቹን በቁልፍ ንኩ። ካልዞሩ በዳዶውና በቆቡ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ በኋላ ጣርማበር ስትደርሱ ቁልፍ ሳታወጡ፣ መስመሩ አለመሰበሩን ቆማችሁ አይታችሁ ቁልቁለቱን መጀመር ትችላላችሁ።